ዝናብ በማይገባበት ጋራዥ ብረት ስለ ምን ይዝጋል?

ሰኔ ግም ሲል ባለቤት በመጀመሪያ የሚመረምረው ጣራውን ነው። ቆርቆሮው ካላፈሰሰ፥ በሩም ደኅና አድርጎ ከተዘጋ፥ በጋራዡ ያለው ንብረት ሁሉ በሰላም የሚከርም ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር።

አባታችን አርባ ዓመት በመካኒክነት የሠሩባቸውን መፍቻዎች፥ ፒንሳዎችና አንድ ሞርሳ ጡረታ ሲወጡ በአደራ ሰጥተውን ነበር። እኛም ዕቃውን በሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጠን፥ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወትፈን፥ ማታ ማታ መኪናችንን እንደ ረጠበች እያስገባን በሩን ግጥም አድርገን ስንዘጋ ከረምን። በመስከረም ሣጥኑ ሲከፈት መፍቻው ሁሉ ቀይ አፈር መስሏል፤ የሞርሳውም እጀታ አልዞር አለ። አባታችን አንዱን መፍቻ አንሥተው በጣታቸው እያሹ፥ «ልጄ፥ ዝናብ ያልነካውን ብረት አንተ በቁልፍ ገደልኸው» አሉን።

ነገሩን ስንመረምረው እውነታቸውን ሆኖ አገኘነው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት፥ ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲገናኙ ነው። ውሃውም የግድ ከሰማይ መዝነብ የለበትም። አየር በዓይን የማይታይ እርጥበት ይሸከማልና፥ በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ቆርቆሮውና ብረቱ ሲቀዘቅዙ ያን እርጥበት በላያቸው ላይ ያራግፈዋል። ጧት ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል «አላበው» የምንለው ይኸው ነው። ጠብታ ባይታይ እንኳ፥ አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው እርጥበት ከመቶ 60 ወይም 70 እጁን ከያዘ ዝገት ይፋጠናል። ዝገትም ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፥ ቀለሙን ከሥሩ እየፈነቀለ ለአዲስ እርጥበት መንገድ ይከፍታል።

እንግዲህ መድኃኒት ከመሻት አስቀድሞ እርጥበቱ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በወለሉ ላይ አንጥፎ፥ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ፥ ከቀትር እስከ ማግሥቱ ጧት ማቆየት ነው። ውሃው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ከላይ ከተገኘ ግን ከአየር ነው።

ከመሬት የሚመጣ ከሆነ፥ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ተቀብሎ ከግድግዳው ማራቅና ዕቃውን በእንጨት መደርደሪያ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ከአየር ከሆነ፥ በአንዱ ግድግዳ ከታች፥ ፊት ለፊት ባለው ደግሞ ከላይ የአየር መተላለፊያ መክፈት፥ ፀሐይ ሲወጣም በሩን ከፍቶ ማናፈስ ይረዳል። የረጠበች መኪናም ሳትጠረግ መግባት የለባትም።

እዚህ ላይ ሳናስጠነቅቅ የማናልፈው ነገር አለ። ጋራዡን በከሰል ምድጃ ለማድረቅ፥ ወይም በሩን ዘግቶ ሞተር ለማስነሣት የሚያስብ ሰው ቢኖር ይተወው። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ነው፤ ቤንዚን ባለበት ቤት እሳት ማስገባትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። መፍቻ ለማዳን ነፍስ አይሰጥም።

አባታችን ተቆጥተው ብቻ አልተዉንም። የዛጉትን መፍቻዎች ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረን፥ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን፥ በውሃ አጥበንና ወዲያው አድርቀን፥ ስስ የሞተር ዘይት እንድንቀባቸው አሳዩን። ብዙዎቹ ዳኑ፤ ዝገቱ ቦርቡሮ ያለፈበት ጠባሳ ግን ዛሬም በገላቸው ላይ አለ።

ከደመወዛችን ላይ ቆጥበን የመጀመሪያዋን አሮጌ መኪና የምንገዛ ወጣቶች ብዙዎች ነን። ንብረት ማፍራት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ግን ሌላ ትምህርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ደረቅ ጨርቅና ጥቂት ዘይት በሰኔ ቢቀርቡ፥ በመስከረም ከአባት ፊት አንገት ከመድፋት ያድናሉ።