ጎብጦ የሚቃናው ዱላ

የበረዶ ሆኪን አዲስ የሚያይ ሰው ያ ጥቁር ጎማ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲምዘገዘግ ሲመለከት የመቺውን ክንድ ያደንቃል። የክንድ ድርሻ አይካድም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን እግርና ዱላ ናቸው፤ ምቱን ማሻሻል የሚፈልግ ተጫዋችም ከእነሱ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጎማው ፓክ ይባላል። ውፍረቱ 2.5፣ የክቡ ስፋት 7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ156 እስከ 170 ግራም ይመዝናል። በረዶው ላይ እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት ይቀዘቅዛል። ጎሉ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ ብቻ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ በረኛው ከእግር እስከ ትከሻው ወፍራም መከላከያ ለብሶ ይቆምበታል። ለመቺው የሚተርፈው ጥቂት የማዕዘን ክፍተት ነው።

የእኛ የገና ዱላ ግትር ነው፤ ሩሯን የሚያርቃት የመቺው ውርወራ ነው። የሆኪ ዱላ ግን ሆን ተብሎ እንዲጎብጥ ይሠራል። ዛሬ አብዛኛው ከካርቦን ፋይበር የሚሠራ ሲሆን ዘንጉ ላይ 75፣ 85 ወይም 100 የሚል ቁጥር ይታተምበታል። ቁጥሩ ዘንጉን አንድ ኢንች ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ግፊት እንደሚጠይቅ ይናገራል። ጀማሪዎች ጠንካራ ዱላ ጠንካራ ምት የሚሰጥ እየመሰላቸው ትልቁን ቁጥር ይመርጣሉ። ዱላው ካልጎበጠ ግን ያጠራቀመው ኃይል ስለሌለ ለፓኩ የሚመልስለት ነገር አይኖርም። በተለምዶ የሚመከረው የሰውነትን ክብደት በፓውንድ ለክቶ ግማሹን መነሻ ማድረግ ነው።

የዘንጉ መጎበጥ በጉልህ የሚታየው ዱላው ወደ ኋላ ተነሥቶ በሚወርድበት በስላፕ ሾት ላይ ነው። ጎበዝ መቺ ፓኩን በቀጥታ አይመታም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀድሞ በረዶውን ይመታል። ዘንጉ ያኔ ይጎብጥና ተስፈንጥሮ ሲቃና ፓኩን ይዞት ይሄዳል። ስሎቫኪያዊው ዝዴኖ ቻራ በ2012 ኦታዋ ላይ በተደረገው የከዋክብት ውድድር በሰዓት 175.1 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበው በዚህ ምት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዱላውን ለማጉበጥ የሚያንሰው ነገር አልነበረም። የዚህ ምት ፈር ቀዳጅ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በ1950ዎቹ ለሞንትሪያል የተጫወተው በርኒ ጄፍሪዮን ነው። ይሁንና በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ በ1895 ጥቁሮች ያቋቋሙትን ሊግ ታሪክ ያጠኑ ጸሐፊዎች፣ ከሃሊፋክስ የመጣው ኤዲ ማርቲን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ እንዲህ ይመታ ነበር ይላሉ።

ለእኔ ግን ቢማሩት የሚያዋጣው የእጅ አንጓ ምት፣ ሪስት ሾት ነው። ፓኩ የዱላው ጠፍጣፋ ጫፍ ከዘንጉ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ ይነሣና ወደ ጫፉ እየተንከባለለ ይወጣል፤ ሽክርክሪቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ አየር ላይ ሳይገለባበጥ ጠፍጥፎ የሚጓዘውም በዚሁ ሽክርክሪት ነው። ታችኛው እጅ ወደ በረዶው እየተጫነ ወደ ፊት ሲገፋ ላይኛው ወደ ሰውነት ይስባል። ዱላው የሚጎብጠው በሁለቱ እጆች ተቃራኒ እንቅስቃሴ ነው፤ የሰውነት ክብደት በዚያው ቅጽበት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር ካልተዛወረ ግን ምቱ ይልፈሰፈሳል። ከምቱ በኋላ የዱላው ጫፍ የት እንዳመለከተ ማየትም ይጠቅማል፤ ዝቅ ብሎ ከቀረ ፓኩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ከፍ ካለም ይነሣል።

የዚህ ጠፍጣፋ ጫፍ ቅርጽም ለውጥ ያመጣል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቺካጎዎቹ ስታን ሚኪታና ቦቢ ሃል የዱላቸውን ጠፍጣፋ ጫፍ ማጉበጥ ሲጀምሩ ፓኩ ከፍ ብሎ በማይጠበቅ አቅጣጫ ይወጣ ጀመር። የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት ፊቱ በፓክ ተቀዶ ጭምብል ያጠለቀው ገና በ1959 ነበርና ብዙዎቹ በረኞች በዚያን ጊዜ ባዶ ፊታቸውን ነበር የሚቆሙት። ኋላ የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ኩርባውን በሕግ ገደበ፤ ከ2006 ወዲህ ጣሪያው ሦስት አራተኛ ኢንች ነው።

ፍጥነት ብቻውን የሚበቃ እንዳይመስለን። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚበር ፓክ 10 ሜትር ለማቋረጥ ከሩብ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። በረኛው ፓኩ እስኪወጣ ከጠበቀ አይደርስበትም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የመቺውን ትከሻና የዱላውን አቅጣጫ ያነባል። የቶሮንቶው ኦስተን ማቲውስ የሚያታልለው ይህን ንባብ ነው። ፓኩን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አንግሉን ይቀይርና ወዲያው ይለቀዋል፤ በረኛው የቆመው ግን ለቀድሞው መስመር ነው። በ2023-24 የውድድር ዘመን 69 ጎል አስቆጥሯል። ከመምታቱ በፊት ፓኩን ሁለት ሦስቴ የሚነካካ ተጫዋች ለበረኛው የመዘጋጀት ዕድል በገዛ እጁ ይሰጣል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ቡድን ኮከብ አሌክስ ኦቬችኪን ደግሞ የተለየ ነው። የት እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል፤ ከጎሉ ፊት በረዶው ላይ ከተሣለው የግራ ክበብ። ጓደኛው ከማዶ ሲያቀብለው ፓኩን ሳያቆም ይመታዋል፤ በረኛው ከጎን ወደ ጎን እየተንሸራተተ ስለሆነ ማወቁ ብዙ አይጠቅመውም። ሚያዝያ 6 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የዌይን ግሬትዝኪን የጎል ብዛት ክብረ ወሰን የሰበረበት 895ኛ ጎሉም ከዚያው አካባቢ የመጣ ነው።

ለልምምድ በረዶ አያስፈልግም። የኖቫ ስኮሺያው ልጅ ሲድኒ ክሮዝቢ ያደገው ምድር ቤት ውስጥ ፓክ እየመታ ነው፤ እየሳተ ያጎደጎደው የቤተሰቡ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ዛሬ የጎብኚዎች መስህብ ሆኗል። ለስላሳ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ መረብና ጥቂት ፓክ ካለ የእጅ ሥራው ይለመዳል። በጫማ ቆሞ የማይለመደው እየተንሸራተቱ፣ ርምጃ ሳይሰብሩ መምታት ነው። ለዚህ የግድ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አጥልቆ በረዶ ላይ መውጣት፣ አንዳንዴም እግር ባልተመቻቸበት ሁኔታ መምታትን መሞከር ያስፈልጋል።