ታጣፊው የነፋስ ክንፍ፤ አመራረጡና አያያዙ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ ከኋላው ትቶ፥ ሁምቦ ጠበላን አልፎ ቆላውን ሲይዝ፥ በስተ ግራው ቀይ ቡናማ ሆኖ የተንጣለለውን የዓባያን ሐይቅ ያያል። የዚህ ሐይቅ ስፋት ከ1100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ነፋስ በተነሣ ቁጥር ውኃው እስከ ወለሉ ይታወካል፥ የብላቴ ወንዝና መሰሎቹ ከደጋው አጥበው ያወረዱት ደለልም አልረጋ እያለ መልኩን እንዳቀላው ይኖራል። ቀን ቀን የብሱ ከውኃው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚግል አየሩ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ግብሩ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ የነፋስ ኃይል ከዘመን ወደ ዘመን ሲመላለስ በጊዲቾ ደሴት ያሉት ሰዎች በቀላል እንጨት ጀልባቸው፥ የጣናም ሰዎች በደንገል ታንኳቸው፥ በክንዳቸው እየቀዘፉ ኖረዋል እንጂ፥ ሸራ ወጥሮ ነፋስን ማገልገያ ማድረግ በሐይቆቻችን ላይ እምብዛም ልማድ አልሆነም።

የዛሬው ነገሬ ነፋስን ጠልፎ ስለሚያሠራ፥ በመጠኑ ግን ከተለመደው ሸራ ሁሉ ስላነሰ አንድ አዲስ መሣሪያ ነው። ባለቤቶቹ ፓራዊንግ ይሉታል። ከነጠላ ስስ ናይለን የተሰፋ፥ ከጨርቁ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ወርደው ከክንድ ባነሰች አጭር ዘንግ ላይ የተቋጠሩ፥ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ክንፍ ነው፤ ሰውየው ዘንጓን ጨብጦ ወደ ነፋስ ሲለቀው ይከፈታል፥ ከተከፈተም በኋላ ይጎትተዋል፥ ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ደግሞ ተሰብስቦ በወገብ ላይ በምትታሰር ከረጢት ይከተታል። ክንፉን በሚገባ ለመምረጥ የሚሻ ግን አስቀድሞ የሚቆምበትን ሰሌዳ ማወቅ ይገባዋል።

ሰሌዳው ከሆዱ ሥር አንድ ሜትር የማይሞላ ዘንግ ወደ ታች ተተክሎለታል፤ በዘንጉም ጫፍ ከውኃው ውስጥ የሚሄድ ትንሽ ክንፍ አለ፥ ፎይል የሚባለውም እርሱ ነው። ውኃ ከአየር ስምንት መቶ ጊዜ ያህል የከበደ ስለ ሆነ፥ አውሮፕላን በታላላቅ ክንፎች የሚያደርገውን ይህች ትንሽ ክንፍ በዝግታ እየሄደች ታደርገዋለች፤ ሰሌዳውንና ሰውየውን አንሥታ ከውኃው ገጽ በላይ ታንሳፍፋቸዋለች፥ ማዕበሉም ሰሌዳውን መምታቱን ያቆማል። ጥበቡ የትናንት አይደለም። ኤንሪኮ ፎርላኒኒ የተባለው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1906 በማጆሬ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር አስሮጦ ነበር፤ ስልክን በመፍጠር ስሙ የገነነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም ከጓደኛው ከኬሲ ባልድዊን ጋር የሠራት ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1919 በካናዳ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሮጣ በዘመኗ ተወዳዳሪ አጣች። ያ ሁሉ ግን በሞተር ነበር። ፎይልን ለአንድ ሰው በሚበቃ ሰሌዳ ሥር አድርጎ ማዕበል መንዳት የተጀመረው በእኛ ዘመን ነው።

የክንፉም የዘር ሐረግ እንዲሁ ሩቅ ነው። ፍራንሲስ ሮጋሎ የተባለው አሜሪካዊ ከሚስቱ ከገርትሩድ ጋር፥ እ.ኤ.አ. በ1948፥ ምንም ጠንካራ አጥንት የሌለው፥ ቅርፁን ከነፋሱና ከገመዶቹ ብቻ የሚያገኝ ክንፍ በቤቱ ሲፈትን፥ የመጀመሪያውን ጨርቅ ያገኘው ከማድ ቤት መጋረጃ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ይህን የመጋረጃ ጥበብ ከጠፈር የሚመለሱ ሰዎችን ለማውረጃ አስቦት ብዙ ሙከራ አደረገበት፥ በመጨረሻም ተወው። መጋረጃዋን ስለ ጥበብ የሰጠችው ሴት ስሟ ከባሏ ስም ጋር አብሮ መጠራቱ በጣም የሚገባ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በእጅ የሚያዝ፥ በአየር የሚነፋ ክንፍ ወጣና ፎይል የሚነዱትን ሰዎች ወረሰ። ይህኛው ጠንካራና ለጀማሪ ታጋሽ ነው፤ ነገር ግን ፓምፕ ይፈልጋል፥ እንደ ተነፋም ስለሚኖር ማዕበሉ ራሱ ሰውየውን በሚሸከምበት ሰዓት እንኳ ከእጁ ተንጠልጥሎ ይከተለዋል። በሐዋይ ደሴቶች፥ በማዊ ሰሜናዊ ዳርቻ፥ ከማሊኮ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ካሁሉይ ወደብ የሚወርድ ዝነኛ መንገድ አለ፤ በዚያ ነጋዴ ነፋስ የሚባለው የማያቋርጥ ነፋስ ያስነሣውን ማዕበል ተከትሎ ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሚሄዱት ሰዎች ዘንድ፥ ለመነሣት ብቻ አስፈልጎ ከዚያ በኋላ ሸክም የሚሆን ክንፍ ሁልጊዜ ያሳዝን ነበር። የዚያው አገር ሰው ግሬግ ድሬክስለር እ.ኤ.አ. በ2024 በመንገዱ ስም ማሊኮ ብሎ ታጣፊውን ክንፍ ለገበያ ባወጣው ጊዜ፥ ሌሎች የፓራሹትና የሸራ ሠሪዎች ወዲያው ተከተሉት፤ የኦዞን «ፖኬት ሮኬት» እና የኤፍ ዋን «ፍሪጌት» ከእነዚያ መካከል ናቸው።

እንግዲህ የመምረጥ ነገር እዚህ ይጀምራል፥ ብዙ ሰውም የሚስተው እዚሁ ነው። አንድ ክንፍ በቀላሉ እንዲታጠፍ ገመዶቹ ጥቂትና ጨርቁ ያልተወሳሰበ መሆን አለበት፤ ወደ ነፋሱ አፍ አዘንብሎ እንዲወጣ ግን ረጅምና ጠባብ መልክ፥ በብዙ ገመድ ተወጥሮ ቅርፁን በትክክል የሚጠብቅ ገጽ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ጠባያት በአንድ ጨርቅ ላይ ሲገናኙ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይነጥቃል፥ ሻጩ ምንም ቢምል። በማዊ ያለው ሰው ነፋሱን ተከትሎ ወርዶ በመጨረሻው ወደብ መኪና ይጠብቀዋልና ፈጥኖ የሚታጠፈውን መውሰዱ ትክክል ነው። የሐይቅ ሰው ግን ከተነሣበት ዳርቻ መመለስ አለበት፤ የሐይቁም ማዕበል አጭርና ሰባራ ስለ ሆነ፥ ክንፉን ከትቶ በማዕበሉ ብቻ ብዙ መንገድ ለመሄድ ታላቅ ብልሃት ይጠይቃል። ስለዚህ በእኔ ፍርድ ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚገባው፥ ለመታጠፍ ጥቂት ቢያስቸግርም ወደ ነፋሱ መውጣት የሚችለው ዓይነት ነው፤ በገበያው የሚወደሰው ፈጣኑ መታጠፍ ለሌላ ባሕር የተፈጠረ ምስጋና ነው።

ስፋቱ በነፋሱና በሰውየው ክብደት ይወሰናል። ሰባ አምስት ኪሎ ግራም ለሚመዝን፥ ፎይል መንዳት ለሚያውቅ ሰው፥ በባሕር ጠረፍ፥ በሰዓት ከ22 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ለሚነፍስ ነፋስ 5 ካሬ ሜትር ገደማ፥ እስከ 37 ለሚደርሰው 4፥ ከዚያ በላይ ለሚበረታው 3 ካሬ ሜትር ቢይዝ በግምት ይስማማዋል። ይህ ቁጥር ግን የተሰላው ለባሕር ጠረፍ መሆኑን የከፍተኛ ስፍራ ሰው መርሳት የለበትም። የዓባያ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከዐሥር በመቶ በላይ ይሳሳል፥ ቆላው በጋለ ቀን ደግሞ ይበልጡን ይሳሳል፥ የክንፍም ጉልበት በአየሩ ክብደት ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የፋብሪካው ሠንጠረዥ 4 ካሬ ሜትር ያለውን እዚህ 4.5 አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። የሚያስደንቀው ውኃው በከፍታ ምክንያት አለመሳሳቱ ነው፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ያለው ፎይል በማዊም በስምጥ ሸለቆም ያው ነው፥ ታርሞ የሚገዛው የአየሩ ክንፍ ብቻ ነው።

ሌላውን ጠባይ በአጭሩ ልለፈው። የፊት ገመዶች ከኋላዎቹ በቀለም የተለዩ ይሁኑ፥ በውኃ ውስጥ ወድቆ የተጠላለፈ ሰው ለማሰብ ጊዜ የለውምና፤ ዘንጓ በከረጢቱ የምትገባ፥ ዘንጓን ከወገብ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያም በአንድ መጎተት የሚለቀቅ ይሁን። ፎይል ገና ያልለመደ ሰው ደግሞ በዚህ ክንፍ ባይጀምር ይሻላል፤ ጨርቁ ውኃ ላይ ደጋግሞ ሲወድቅ እየራሰ ይከብዳል፥ በአየር የሚነፋው ግን ይንሳፈፋል።

ያገለገለ ክንፍ ከውጭ ዘመድ በሻንጣ አምጥቶለት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሁለት ፈተና ያድርግ። አንደኛው፥ ጨርቁን በከንፈሩ ላይ ወጥሮ አጥብቆ ይንፋበት፤ ትንፋሹ ያለ ችግር ካለፈ ቅባቱ አልቋልና አይግዛው። ሁለተኛው፥ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥብበት፤ ጠብታዋ ተሰብስባ ከተንከባለለች ጨርቁ ገና ጤነኛ ነው፥ ተስፋፍታ ከሰረገች ግን ያ ክንፍ አንዴ ውኃ ከነካው ዳግመኛ በቀላሉ አይከፈትም።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፥ ነፋስ ይህን ክንፍ የሚጎዳው በጣም ጥቂት ነው። የሚገድለው ፀሐይ ነው። ናይለን ለፀሐይ ከቆየ ዓይን ሳያየው ውስጡ ይደክማል፥ ቀለሙ ከመድከሙም አስቀድሞ ጥንካሬው ይሄዳል፤ ይህ የሚጎዳው ጨረር በየሺሕ ሜትሩ ከፍታ በዐሥር በመቶ ያህል እየበረታ ስለሚሄድ፥ ሁለት ሺሕ ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ሶዶ በግቢ ውስጥ በገመድ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ክንፍ በባሕር ጠረፍ ከዋለው ይልቅ ፈጥኖ ያረጃል። ሁለተኛው ገዳይ እርጥበት ነው። የረጠበ ጋቢ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ የምትከት ባልትና ያላት ሴት እንደሌለች ሁሉ፥ ክንፉም እስኪደርቅ በጥላ ሥር፥ አየር በሚያልፍበት ስፍራ ይሰቀል እንጂ በከረጢቱ እንዳለ አይደር፤ ያደረ እንደ ሆነ ይሻግታል፥ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም።

በባሕር የሚጠቀሙበት ሰዎች ከጨው የተነሣ በንጹሕ ውኃ ያለቀልቁታል። ከሐይቆቻችን ብዙዎቹ ያን ያህል ጨው የላቸውም፤ ነገር ግን ደለል አላቸው፥ ደቃቁ ደለልም በስፌቱና በገመዱ ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ፥ ክንፉ በተከፈተና በታጠፈ ቁጥር እንደ ሞረድ እየፋቀ ክሩን ይበላል። ስለዚህ ያለ ሳሙና፥ ያለ ብሩሽ፥ በጠራ ውኃ ነክሮ ማንቀሳቀስና ማንጠባጠብ ይበቃዋል፤ መጠምዘዝ ክልክል ነው። ገመዶቹ የሚሠሩበት ዳይኒማ የተባለው ክር በክብደቱ ልክ ከብረት ይልቅ የበረታ ቢሆንም እሳትን አይችልም፤ በ150 መቶኛ ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና ክብሪት፥ ካውያ፥ የጋለ የመኪና ጣራም ሳይቀር ይራቅለት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ብዙ ሸክም የሚቀበሉት ገመዶች ይረዝማሉ፥ ሥራ የፈቱት ያጥራሉ፤ ክንፉ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ወገን መሳብ ከጀመረ ጨርቁን ከመውቀስ በፊት የግራውንና የቀኙን ገመድ አንድ ለአንድ አቻችሎ መለካት ነው። ትንሽ ቀዳዳ በተለጣፊ ናይለን ከሁለቱም ወገን ይጠገናል፥ ስፌቱ የተከፈተው ግን ፓራሹት የሚሰፋ ባለሙያ እጅ ይሻል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥም ላላ ተደርጎ ተጠቅልሎ በተሰቀለ ከረጢት ይቀመጥ፤ አይጥ ጎጆዋን ለማልበስ ከናይለን ስስ ጨርቅ የተሻለ ነገር አታገኝምና።

የቀረው ስፍራው ነው፥ በዚህም ማባበል አይገባኝም። ነፋሱ፥ ስፋቱ፥ ከሶዶ ያለው ቅርበት ሁሉ ዓባያን የሚያስመርጥ ቢሆንም፥ ዓባያ አዞና ጉማሬ ያለበት፥ ውኃውም ደፍርሶ ከአንድ ክንድ በታች የማያሳይ ሐይቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ አጠገብ በዚሁ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ያጠምቁ የነበሩ አንድ ሰባኪ በአዞ ተነጥቀው መሞታቸው በዜና ተነግሯል። በዚህ ክንፍ የሚጫወት ሰው ደግሞ ምንም ቢሠለጥን መውደቁ አይቀርም፥ ሲወድቅም ውኃው ውስጥ ተቀምጦ ገመድ መፍታት አለበት፤ ስለዚህ ዓባያ ለዚህ ጨዋታ አይሆንም፥ ጫሞም አይሆንም። ከሶዶ በሻሸመኔ በኩል የሚደረስበት፥ ሰዎች ለዋና የሚመርጡት የላንጋኖ ሐይቅ ይሻላል፤ እርሱም ከዓባያ በ400 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ክንፉን አሁንም ጥቂት ማስፋት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እድሉ ቢገጥምህ ከፎይሉ ስለት የተነሣ የራስ ቁር አድርግ፥ ተንሳፋፊ ሰደርያም ልበስ፥ ብቻህን አትግባ፤ ነፋስ ቢተኛ ወይም ገመድ ቢጠላለፍ ወደ ዳር የሚያደርስህ የራስህ ክንድ ብቻ ነውና፥ በሰሌዳህ ላይ ተኝተህ ቀዝፈህ ልትመለስ ከማትችለው ርቀት አትውጣ።