እንቅርትና የፒቱታሪ ዕጢ ሕመሞች፦ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

አንድ ተማሪ ዕድሜው ከክፍል ጓደኞቹ እኩል ሆኖ ቁመቱ ከታናናሾቹ ሲያንስ፣ ወይም የተነገረውን ለመቀበል ሲዘገይና ሲያንቀላፋ «ድንክ» ወይም «ሰነፍ» የሚል ስም በቀላሉ ይወጣለታል። ይሁን እንጂ የዝግመቱ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ የልጁ ጠባይ ሳይሆን የዕጢዎቹ ሥራ መዛባት ነው። ልጁን በየዕለቱ ከእኩዮቹ ጋር አነጻጽሮ የሚያየው መምህሩ በመሆኑ፣ ምልክቱን አስቀድሞ የመለየት ዕድል ያለው እርሱ ነው።

1. የፒቱታሪ ዕጢ ሥራ

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ በመሰለ የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ የሚገኝ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ቱቦ አልባ ዕጢ ነው። ሆርሞኖቹን ወደ ደም በማፍሰስ የሰውነትን ዕድገት፣ የታይሮይድንና የአድሬናል ዕጢዎችን ሥራ፣ የመራቢያ አካላትን፣ የእናት ጡት ወተትን፣ እንዲሁም ኩላሊት የሚቆጥበውን የውሃ መጠን ይቆጣጠራል።

2. እንቅርት እንዴት ይመጣል?

እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የታወቀ እንደሆነ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር ይመሰክራል። በአንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲጎድል በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል። ይህን የተገነዘበው ፒቱታሪ የታይሮይድ አነቃቂ ሆርሞኑን ያበዛል፤ ታይሮይድም በዚህ ግፊት እየሰፋ ያብጣል። ስለዚህ በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት የፒቱታሪ ጉድለት አይደለም፤ ፒቱታሪ ሥራውን እየሠራ፣ ምግቡ ግን ጥሬ ዕቃውን እንደነፈገው የሚያሳይ ነው።

እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባሉ ተዳፋት በበዛባቸው አገሮች ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን ጠርገው ይወስዳሉ። በዚያው አፈር የሚበቅሉት ገብስና ባቄላም አዮዲን ያንሳቸዋል። ከአፋር ቆላ የሚመጣው ጨውም ቢሆን አዮዲን ካልተጨመረበት ጉድለቱን አይሞላም።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ጨው ከተመረመረላቸው ቤተሰቦች 89 በመቶው አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቶባቸዋል። ይሁን እንጂ አዮዲን መገኘቱ ብቻ መጠኑ በቂ ነው ማለት አይደለም።

የጉዳቱ ክፋት ከአንገት እብጠት ያልፋል። በእርግዝናና በሕፃንነት ጊዜ በአዮዲን እጥረት የተጎዳ አንጎል በኋላ አዮዲን በመስጠት አይመለስም። በዚህም ምክንያት ዛሬ በክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ልጃገረዶች ስለ ጨው የሚሰጠው ትምህርት ነገ የሚወልዷቸውን ልጆች ይጠብቃል።

3. ፒቱታሪ ራሱ ሲታመም

እነዚህ ሕመሞች ከእንቅርት ይልቅ እምብዛም የማይታዩ ናቸው፤ አዮዲን ያለው ጨውም አያድናቸውም። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የዕድገት ሆርሞን ማነስ፦ ልጁ መልኩ የተመጣጠነ፣ አእምሮው የነቃ ሆኖ ቁመቱ ይገታል። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ተማሪ በዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከ4 በታች ከሆነ መመርመር ይገባዋል። ሕክምናው የሚጠቅመው አጥንት ማደግ ከማቆሙ በፊት ነው። ይሁንና በ2008ቱ ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ስለነበሩ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የምግብ እጥረት ነው።

ለ) የዕድገት ሆርሞን መብዛት፦ በልጅነት ከመጠን ያለፈ ቁመትን፣ በጎልማሳነት የእጅ፣ የእግርና የመንጋጋ መግዘፍን ያስከትላል።

ሐ) የውሃ ቆጣቢው ሆርሞን ማነስ፦ ተማሪው ሌት ተቀን ይጠማል፤ ሽንቱም ይበዛል። የስኳር በሽታም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳይ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መላክ አለበት።

መ) የዕጢው እባጭ፦ ራስ ምታት ያመጣል፤ የዓይን ነርቭን ሲጫንም በግራና በቀኝ ያለውን ማየት ያስቸግራል። አንዳንዱ በእንክብል፣ አንዳንዱ በአፍንጫ በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይታከማል።

ሠ) ከወሊድ በኋላ የሚደርስ ጉዳት፦ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ፒቱታሪዋ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ወተቷ ይነጥፋል፣ የወር አበባዋ ይቀራል፣ ብርድና ድካም ይጸናባታል። በጤና ተቋም መውለድ ይህን ለመከላከል ይረዳል።

4. ከሕመሙ ጋር መኖር

የጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዕድሜ ልክ ነው። በተለይ የአድሬናልን ሆርሞን የሚተካውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕይወትን ያሳልፋል። ትኩሳት ወይም አደጋ ሲደርስ መጠኑ በሐኪም መመሪያ ይጨመራል፤ ሕመምተኛው ካስመለሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም፤ በጾም ወራትም የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ መወሰን ይችላል። እንቅርትን ለማዳን ተብሎ በአንገት ላይ የሚደረገው ንቅሳት አይፈውስም፤ ባልጸዳ መርፌም ሌላ በሽታ ያስተላልፋል።

5. ከትምህርት ቤት የሚጠበቀው

መምህሩ በግድግዳ ላይ በተሠመረ መለኪያ የተማሪዎችን ቁመት በየመንፈቁ ቢመዘግብ፣ ዕድገቱ የተገታውን ልጅ ያለ ብዙ ወጪ ይለያል። ወላጆችን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል እንዲሄዱ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ብዙ ለሚጠማው ተማሪ ውሃ እንዲጠጣና በፈለገ ጊዜ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ በክፍሉም ስድብን ይከለክላል።

ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው የጨው አያያዝን ከሳይንስና ከቤት አያያዝ ትምህርት ጋር ማያያዝ ይገባቸዋል። አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጣል፤ አይታጠብም፤ ወጥ ላይ የሚጨመረውም ከምድጃ ሊወርድ ሲል ነው። ይህን የተማረች ልጅ ትምህርቱን በዚያው ምሽት ከእናቷ ማጀት ታደርሰዋለች።