መጽሐፉን ከድኖ መጠየቅ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲያደርጉ፣ ቁጥሩን የሰማ ወላጅ ጆሮውን ተጠራጠረ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015ቱ ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016ቱ ወደ 5.4፣ በ2017ቱ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። መሻሻሉ አይካድም፤ ይሁንና አሁንም ከአሥራ ሁለት ልጆች የሚያልፈው አንዱ ነው።

ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት አልሰነፉም። የተለወጠው የአፈታተኑ መንገድ ነው። ቀድሞ ተማሪው የሚፈተነው እዚያው በአካባቢው ስለነበር ኩረጃው፣ አጤሬራው፣ በስልክ የሚዞረው መልስ የአደባባይ ምሥጢር ነበር። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እንዳለ መሰረዙና ከሳምንታት በኋላ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት እንደ ደንብ ተይዞ ቆየ። የመግቢያ ነጥቡም ዩኒቨርሲቲዎች መቀበል በሚችሉት ቁጥር ልክ ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር፣ ግማሹን ያልመለሰም ይገባ ነበር። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ግን ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጓጉዞ፣ ዶርም ተሰጥቶት፣ ስልኩን ቤቱ ትቶ፣ በማያውቀው ፈታኝ ፊት ይቀመጣል። ማለፊያውም 50 በመቶ ሆኖ ተቆረጠ።

ከማለፊያው ቁጥር ይበልጥ የሚያሳስበኝ አማካዩ ነው። በ2015ም በ2016ም የአገር አቀፉ አማካይ ውጤት 30 በመቶ አልሞላም። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ምንም ሳያነብ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ሰው ወደ 25 በመቶ ያገኛል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት በተማረና በጭራሽ ባልተማረ ሰው መካከል ያለው ልዩነት፣ በአማካይ፣ ጥቂት ነጥብ ነው ማለት ነው። በሁለቱም ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ይህን ሸክም በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ በብዙ ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ አልደረሰም፤ ፒዲኤፉን በአባቷ ስልክ ላይ፣ ያውም ባትሪው እስኪያልቅ ብቻ፣ የምታነብ ልጅ ብዙ ናት። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ተቆልፎ አቧራ የጠጣባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የትግራይ ተማሪዎች በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ባክኖባቸው ፈተና ላይ የተቀመጡት ዘግይተው ነው። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እነዚህ የመንግሥትና የአገር ዕዳዎች ናቸው፤ “ጠንክረህ አጥና” በሚል ምክር የሚከፈሉ አይደሉም።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ዘንድሮ የሚፈተነው ልጅ አገሩ እስኪስተካከል አይጠብቅም። በእጁ ያለው ጊዜውና የአጠናን ዘዴው ነው። ዘዴው ላይ ደግሞ ብዙ ልጅ ሳያውቀው ይከስራል።

የሚበዛው ተማሪ “አጠናሁ” ሲል አነበብኩ ማለቱ ነው። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ በማድመቂያ ያቀልማል፣ ደግሞ ያነባል። ሦስተኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ የታወቀ ይመስለዋል፤ ገባኝ ብሎ ገጹን ይገልጣል። የታወቀ መምሰሉና መታወቁ ለየቅል መሆናቸውን የሚያሳየው ጥያቄ ብቻ ነው። ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስቀምጠውታል። አንደኛው ቡድን አጭር ጽሑፍ አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የጠየቁት 61 በመቶውን አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም። በ2013፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የታወቁ የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ከደካሞቹ ተራ ሲያስቀምጡ፣ ራስን መፈተንንና ጥናቱን በቀናት ከፋፍሎ መመላለስን ከሁሉ የላቁ አድርገዋቸዋል።

ለእኛ ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ሆኖ መቅረቡ ያስቆጨኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው፤ ብርሃን የለ፣ መጽሐፍ የለ፤ ልጁ ከመምህሩ ወይም ከታላቅ ተማሪ አፍ የሰማውን ይላል፣ ሲስት ይታረማል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ቀን ለብቻው ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሳይነግር የዋለ ተማረ አይባልም። በቁርአን ቤትም ልጁ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ለመምህሩ ሳያሰማ ቀለሙ አይታጠብም፤ ሌላም አይጻፍለትም። ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሽምደዳ ገደለው ስንል ጥፋቱን በነዚህ ቤቶች ላይ ማላከክ ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚያ ቤቶች ቃልን ከጥያቄ ጋር ነበር የሚያስይዙት፤ በየቀኑ፣ በአንድ ለአንድ፣ ያለ ምሕረት። እኛ መያዙን ወርሰን መጠየቁን ጣልነው። ዛሬ ስድሳና ከዚያ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ መልስ ለመመለስ አፉን ሳይከፍት ሳምንታት ሊያልፉት ይችላሉ።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ፊዚክስን እንውሰድ። ከቆመችበት የተነሳች መኪና በሰከንድ ስኩዌር 2 ሜትር እየፈጠነች 100 ሜትር ብትጓዝ የመጨረሻ ፍጥነቷ ስንት ነው? ተማሪው የተሠራውን ምሳሌ ከመጽሐፉ ይከተላል፦ የፍጥነቱ ስኩዌር ሁለት ጊዜ 2 ጊዜ 100፣ 400 ይሆናል፤ ሥሩ 20 ሜትር በሰከንድ። ራሱን ይነቀንቃል፤ ቀላል ነው። ያንኑ ምሳሌ በወረቀት ሸፍናችሁ “እስቲ ሥራው” በሉት፤ ብዙ ልጅ የመጀመሪያዋን መስመር መጻፍ ያቅተዋል። ምክንያቱም ፈተናው የሚጠይቀው ማባዛቱን አይደለም፤ ከእንቅስቃሴ ቀመሮቹ መካከል የትኛው እንደሚያስፈልግ መለየትን ነው። ጥያቄው ጊዜን አልሰጠም፣ ጊዜንም አልጠየቀም፤ ስለዚህ ጊዜ የሌለበት ቀመር ይመረጣል። ይህችን ውሳኔ መጽሐፉ አስቀድሞ ወስኖለት ስለነበር ልጁ ተለማምዷት አያውቅም። ምሳሌውን ሸፍኖ፣ ታግሎ፣ ተሳስቶ፣ ከዚያ ገልጦ ያየ ልጅ ግን የተሳሳተባትን ቦታ አይረሳትም።

ስለዚህ ለባዮሎጂም ለታሪክም ልማዱ አንድ ነው። አንድ ንዑስ ርዕስ ይነበባል፣ መጽሐፉ ይከደናል፣ የቀረው በራስ ቃል ባዶ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ይገለጥና የጎደለው በሌላ ቀለም ይሞላል። በሌላ ቀለም የተጻፈው ነው የነገው ጥናት። ያ ወረቀት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት፣ ከዚያ ከወር በኋላ እንደገና ሳይታይ ይሞከራል። መጀመሪያ ላይ እጅግ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ሰዓት ሙሉ አንብቦ አራት መስመር ብቻ መጻፍ ሞራል ይነካል። ብዙዎች ወደ ማንበቡ የሚመለሱት ለዚህ ነው፤ ማንበቡ ስለማያሳፍር።

የግሩፕ ጥናትም ያው ነው። አንዱ ጎበዝ እያስረዳ አራቱ የሚሰሙበት ጥናት የሚጠቅመው አስረጂውን ነው። መጽሐፉን አንዱ ይዞ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ፣ ከዚያ ይቀያየሩ።

የፈተናው ቋንቋ ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። ልጁ በታችኞቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ፣ በአንዳንድ ክልሎችም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ኬሚስትሪውን እያወቀ በጥያቄው የሚሰናከል ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። “ኤክሴፕት” የምትለዋን ቃል ሳያስተውል አልፎ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር መርጦ የሚወጣ አለ፤ የተጠየቀው ግን ትክክል ያልሆነው ነበር። ባለፉት ዓመታት ፈተናዎች ላይ የሚመላለሱትን የጥያቄ ቃላት አንድ ደብተር ላይ መልቀምና ፍቺያቸውን በሚገባው ቋንቋ መጻፍ የጥቂት ቅዳሜዎች ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ለፈተናው ስድስት ትምህርቶች ሁሉ ነው።

የቆዩ ፈተናዎችን በተመለከተ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ መልሱን ከጎን አስቀምጦ መሥራት። ያ ሥራ አይደለም፣ ንባብ ነው። አጋዥ መጽሐፎቹም ቢሆኑ ማብራሪያቸው ወዲያው ከጥያቄው ሥር ስለሚገኝ ዓይን ሳያስበው ይወርዳል። የቆየ ፈተና ሰዓት ተይዞ፣ መልሱ ተደብቆ፣ እንደ እውነተኛው ፈተና በአንድ ቁጭታ ይሠራ። ከዚያ የተሳሳቱት ጥያቄዎች ይለዩ፦ ስላላወቅሁት ነው? አውቄው ስለቸኮልኩ ነው? ጥያቄው ስላልገባኝ ነው? ሦስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ላላወቀው ወደ መጽሐፉ ይመለሳል፤ ለቸኮለው ተጨማሪ ንባብ ምንም አይጨምርለትም።

መቼ ይጀመር ለሚለው መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ፈተናው የአራት ዓመት ትምህርት ይነካል፤ የ9ኛ ክፍልን ሒሳብ በ12ኛ ክፍል ግንቦት ላይ መጀመር ከባድ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ምሽት ለቀደሙት ክፍሎች ትምህርት ከመስከረም ጀምሮ የመደበ ተማሪ ግን ይደርስበታል። ከ600 300 ማምጣት ማለት ከስድስቱ ትምህርቶች በአማካይ ግማሽ መመለስ ስለሆነ፣ ሒሳብ የከበደው ልጅ ሒሳብን ጨርሶ ቢጥል ሌሎቹ አምስቱ እያንዳንዳቸው ወደ 60 መሸከም አለባቸው። መጣል አያዋጣም፤ ከሒሳብ የቀለሉትን ምዕራፎች አጥብቆ መያዝ ያዋጣል።

የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች በቡና፣ ባስ ሲልም በጫት፣ ሳይተኙ ማንጋት እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበት ጊዜ ማብቃት አለበት። ቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ተፈታኙ ከቤቱ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ዶርም ተጋርቶ ነው የሚያድረው፤ የመጀመሪያዋ ሌሊት እንቅልፍ አትሰጥ ይሆናል። ቀድሞ ያረፈ ልጅ አንዷን ሌሊት ይቋቋማታል፤ ለሳምንት የነቃው አይችላትም። ለሴት ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው የሥራ ጫና ከማንኛውም የአጠናን ምክር በፊት ይመጣል። እንጀራው፣ ውኃው፣ ታናናሾቹ በእሷ ላይ ሆነው ወንድሟ ላይብረሪ የሚውል ከሆነ፣ ወላጆች የሚያወዳድሩት ውጤት የሁለት ልጆች ውጤት ሳይሆን የሁለት የተለያየ ቀን ውጤት ነው። አንድ እናት “ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ እሷን አትጥሯት” ስትል ለልጇ የሰጠችው ሰዓት ከምትከፍልላት የማጠናከሪያ ትምህርት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ያላለፉትም አልጠፉም። ከ2015 ወዲህ ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ያመጡት በሪሚዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለወራት ተምረው ዳግም ይመዘናሉ፤ በግል እንደገና መፈተንም አለ። ውጤቱ በወጣ ማግስት ልጁን “ስንት አመጣህ?” ብሎ መንገድ ላይ ከማቆም ይልቅ፣ የትኛው ትምህርት ላይ እንደወደቀ አብሮ መመልከት ለቀጣዩ ዓመት ይጠቅመዋል።

አሁን አዲስ ፈተና ተጨምሯል። ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል፤ በ2017 ቁጥራቸው በእጅጉ ጨምሯል። ማውስ ይዞ የማያውቅ የገጠር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው ቀን ከሆነ፣ የሚመዘነው ኬሚስትሪው አይሆንም። ጥያቄውን ወደ ታች ማውረድ፣ ወደ ዘለለው መመለስ፣ ሰዓቱን ስክሪኑ ላይ ማየት፣ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቶ መልሱን ማያው ላይ መምረጥ፣ ሁሉም በልምምድ የሚመጡ ናቸው። አምስት ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተራ ቢከፍት እያንዳንዱ ልጅ ከፈተናው በፊት ጥቂት ሰዓት ያገኛል። ይህ አዲስ በጀት አያስፈልገውም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ቅዳሜ መምጣት አለበት፣ ያውም ከመጀመሪያው መንፈቅ ጀምሮ።