ሽቶው አዲስ አበባ ሌላ፣ ሰመራ ሌላ

አንዲት የሰመራ ነዋሪ ለኢድ ሽቶ ልትገዛ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሱቅ ገባች እንበል። ሻጩ በቀጭን ወረቀት ላይ ረጭቶ ይሰጣታል። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ወዲያው ደግሞ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ይመጣል። ከሥሩ የእንጨት ሽታ አለ። ወደደችው፤ ከፈለች፤ ይዛ ተመለሰች።

ሰመራ ገብታ ከቀትር በኋላ አራት አምስት ጊዜ ረጭታ ብቅ ስትል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ብርቱካኑ የለም። ስኳሩ ብቻ ቤቱን ሞልቶታል። አጠገቧ የተቀመጡት እናቷ «ኧረ ልጄ፣ ራሴን አዞረኝ! ምንድን ነው የተቀባሽው?» አሉ።

«ተሸወድኩ» ብላ ማሰቧ አይቀርም። ሽቶው ግን ያው ራሱ ሊሆን ይችላል። የተለወጠው አየሩና ሰዓቱ ነው፤ በዚያ ላይ ሽቶው ከወረቀት ወደ ቆዳ ተሻግሯል። ሱቅ ውስጥ ያሸተተችው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ነበር፤ የከፈለችው ግን ለሙሉ ቀን ነው። ሽቶ መግዛት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከጓዳና ከጫካ

እንዲህ ያለው ሽቶ በሙያው ቋንቋ «ጉርማን» ይባላል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መብላት የሚወድ፣ ጣፋጭ የሚያሳሳው ሰው እንደማለት ነው። ቫኒላ፣ ካራሜል፣ ቸኮሌት፣ ቡና ወይም ለውዝ የሚያስታውሱ ሽቶዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። ጣፋጩ ብቻውን ከረሜላ ከረሜላ እንዳይል የሰንደል እንጨት፣ ሴዳር ወይም ፓቹሊ ከሚባል ቅጠል የሚወጣ ዘይት ሲጨመርበት እንጨታማ ጉርማን ይሆናል። የዚህን ዓይነት ሽቶ ዘመን እንደከፈተ የሚነገርለት በ1992 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የቲዬሪ ሙግለር «ኤንጅል» ነው። ቀማሚው ኦሊቪየር ክሬስፕ ኢታይል ማልቶል የተባለውን፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት ውህድ ከፓቹሊ ጋር አጋባው።

ሴዳር ሲባል እንግዳ አይምሰልዎ። እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ሽታ ነው። ሽቶ ሠሪዎች «ቨርጂኒያ ሴዳር» የሚሉት ዛፍ በዘሩ ከጥድ ወገን ሲሆን፣ የአገራችን ጥድ የቅርብ ዘመዱ ነው።

የጣፋጭና የእንጨት መገናኘትም የቀማሚዎች ብልሃት ብቻ አይደለም። በ1874 እ.ኤ.አ. ጀርመናውያኑ ኬሚስቶች ቲማንና ሃርማን የቫኒላን ዋና ሽታ፣ ማለትም ቫኒሊንን፣ በላቦራቶሪ ሲሠሩ መነሻቸው ከጥድ መሰል ዛፎች የተገኘ ንጥረ ነገር ነበር። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ነገር ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ቫኒሊን ይወጣል፤ ጓያኮል የተባለው፣ ለጭስ መዓዛውን የሚሰጠው ውህድም አብሮ ይወጣል። ሁለቱም በተቆላ ቡና ውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ ይህ ሽታ ለአዋሽ ሸለቆ ሰው ባዕድ አይደለም። የአርብቶ አደር እናቶች የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፤ ያ ወተት ሲጠጣ ጣፋጩና ጭሱ አብረው ይመጣሉ። ቡና ሲቆላና ከሰሉ ላይ ዕጣን ጣል ሲደረግም እንዲሁ ነው። የከርቤ ዛፍም በአፋርና በሶማሌ ቆላ የሚበቅል ነው። ፈረንጆቹ ሽቶን የሚጠሩበት «ፐርፊዩም» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን «በጭስ በኩል» እንደማለት ነው። የእኛም «ዕጣን» ከ«አጠነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ቆዳ ላይ ሦስት ጊዜ ይለወጣል

በአብዛኛው ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አልኮል ነው። ሲረጩት አፍንጫ የሚቆነጥጠው እሱ ነው፤ ቶሎ ተንኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሽታ በየፍጥነቱ ይተናል።

በመጀመሪያ የሚወጡት ቀላሎቹ ናቸው፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አንዳንድ ፍራፍሬዎች። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ እምብዛም አይቆዩም። ሻጭ ወረቀት ሲያቀርብልዎ የሚያሸቱት በብዛት ይህንን ነው።

ቀጥሎ መሐሉ ይገለጣል። ካራሜሉ፣ ቡናው፣ ቀረፋው ወይም ሄሉ የሚሰማው አሁን ነው። ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ሽቶው የሚታወቅበት መልኩ ይህ ነው።

በመጨረሻ የሚቀሩት ከባዶቹ ናቸው፤ እንጨቱ፣ ሙጫውና ቫኒላው። በዚህ ሰዓት ሽቶው ክፍል አይሞላም፤ ወደ ቆዳ ይጠጋና ሰላም ሲሉን ወይም ሲያቅፉን ብቻ የሚሸት ይሆናል። ጣፋጩም ስኳርነቱ ይቀንስና ደረቅ፣ ጭስ ጭስ የሚል ይሆናል። ቤት ውስጥ ዕጣን ከተጨሰ ከሰዓታት በኋላ ነጠላ ላይ የሚቀረውን ሽታ ያስቡ። የጥሩ እንጨታማ ሽቶ ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መጨረሻው ደስ ካላለዎት መጀመሪያው ቢያምርም ትርፍ የለውም።

ቆዳም የራሱ ድርሻ አለው። ወዛም ቆዳ ሽቶን ይዞ ያቆያል፤ ደረቅ ቆዳ ቶሎ ይለቀዋል። ወረቀት ሙቀትም ወዝም ስለሌለው ቆዳዎ ላይ የሚሆነውን ሊነግርዎ አይችልም። ጓደኛዎ ላይ ያማረ ሽቶ እርስዎ ላይ ሌላ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

ቁልቁል ወደ ሙቀቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አዋሽ 7 ኪሎ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ሙቀት ትነትን ያፋጥናል። ደጋ ላይ ቀስ እያለ የሚገለጠው ሽቶ ሰመራ ላይ ይቸኩላል። የመጀመሪያው ሽታ ሳያጣጥሙት ያልፋል፤ ጣፋጩና ከባዱ አንድ ላይ ተግተልትለው ይወጣሉ። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ለስላሳ የነበረው ሽቶ እዚያ የሚያፍነው። አዋሽ በሁለቱ መካከል ናት፤ ምሽቱ ለዚህ ዓይነት ሽቶ ይስማማል፣ ቀትሩ ግን አይመችም።

ሌላው ችግር የአፍንጫ መልመድ ነው። ሰው የተቀባውን ሽታ ለምዶ ጥቂት ቆይቶ አይሰማውም። «ጠፋ» ብሎ ይደግማል፤ አጠገቡ ያሉት ግን ገና ከመጀመሪያው አልተላቀቁም። ሙቀት ባለበት ሚኒባስ ወይም ጠባብ ቢሮ ውስጥ አስም ላለበት ሰውና ሽታ ለሚያስጠላት ነፍሰ ጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት

ወረቀቱን አሽትተው ብቻ አይወስኑ። አንጓዎ ላይ አንድ ጊዜ ያስረጩና ሁለቱን እጅ ሳያፋትጉ ይተዉት፤ ማፋተግ ሙቀት ጨምሮ የመጀመሪያውን ሽታ ያባርረዋል። ጉዳይዎን ጨርሰው ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ደግመው ያሽቱት። ከተቻለ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ገዝተው ቤትዎ ይሞክሩት፤ አንድ ቀን በቀትር፣ አንድ ቀን በማታ።

በአንድ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ዓይነት በላይ አያሽቱ። አንዳንድ ሱቆች አፍንጫ እንዲታደስ ፍሬ ቡና ያቀርባሉ፤ ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር መሳብ ከዚያ አያንስም።

በቆላ ከሆኑ መጠኑን ይቀንሱ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ታጥበው በደረቁበት ቆዳ ላይ፣ ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ከተቀቡ በኋላ አንድ ጊዜ ይበቃል። አልኮል የሌለበትን አታር ለሚመርጡ ደግሞ ጠብታው በቂ ነው፤ ዘይት ስለሆነ መጀመሪያ አይፈነዳም፤ ቀስ ብሎ ከቆዳው ጋር ይቆያል።

ነጭ ልብስ ላይ አይርጩት። ቫኒሊን ያለበት ሽቶ ሲቆይ ይጠቁራል፤ ነጠላ ላይም ቡናማ እድፍ ሊተው ይችላል። ጠርሙሱን መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ሥር አያኑሩ፤ ሙቀትና ብርሃን ሽቶን ያበላሹታል። ከማሸጊያ ካርቶኑ ሳያወጡ የቁም ሣጥን ታችኛው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰል በተቀጣጠለበት አጠገብ ሽቶ አይርጩ። አልኮሉ በቀላሉ እሳት ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ ከረከቦት ፊት ተቀምጦ ሽቶ ማስነካት ልብስና ፀጉር ሊያስይዝ ይችላል። ሕፃናትንም ሽቶ አይቀቧቸው፤ ቆዳቸው ስስ ነው፤ ጠርሙሱም እጃቸው ከማይደርስበት ይሁን።

ወደ ሰመራዋ ሴት እንመለስ። ጠርሙሱን ለሰው መስጠት አይኖርባትም። ቀኑ ሲበርድ አንድ ጊዜ ብቻ ትቀባውና ቡና እስኪፈላ ድረስ ትቆይ። ስኳሩ ይረግባል፤ እንጨቱ ይወጣል። ያን ጊዜ እናቷ ጠጋ ብለው «ዛሬ ደግሞ ምን አጨስሽ?» ቢሏት፣ ሽቶው ቤቱን ለመደ ማለት ነው።