የጠላቂው ሕመምና የነርቭ በሽተኛው ተስፋ

የሰው አካል የተሠራው በምድር ላይ ባለው የአየር ክብደት ውስጥ እንዲኖር ነው። ወደ ባሕር ጥልቀት ሲወርድ ግን ዐይን የማያየው ኃይል ይጫነዋል። በውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ፣ በምድር ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ሌላ ግፊት ይደረባል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት የሚሠራ ጠላቂ፣ በወደቡ ላይ ቆሞ ከሚጠብቀው ጓደኛው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል ማለት ነው።

አደጋው የሚብሰው ሲወርድ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ጠላቂው ከሚተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን የሚባለው ጋዝ ሲሆን፣ ይህ ጋዝ በግፊት ኃይል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በዝግታ ከወጣ ጋዙ በሳንባው በኩል ተመልሶ ይወጣል። በችኮላ ከወጣ ግን፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሲነሣ እንደሚገነፍል ሁሉ፣ ጋዙ በአካሉ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋው በመገጣጠሚያ ላይ ቢሆን ብርቱ ሕመም ያመጣል። ኅብለ ሰረሰርን ሲጎዳ ግን እግር ይደነዝዛል፤ ሽንት ይከለከላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰውዬው ሽባ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ይህ በሽታ በሰፊው የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ድልድይ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነበር። ሠራተኞቹ የድልድዩን መሠረት የሚቆፍሩት በወንዝ ወለል ላይ ተቀምጦ በታመቀ አየር በተሞላ ታላቅ ሣጥን ውስጥ ገብተው ነው። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ የነበሩት ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ተመትተው ከሥራው ቦታ ራቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤሚሊ የሒሳቡንና የምሕንድስናውን ነገር ተምረው፣ የባላቸውን ትእዛዝ ለመሐንዲሶቹ እያደረሱ ድልድዩ በ1883 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ።

የበሽታውን ምክንያት ያስረዱት ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር ናቸው። እርሳቸው በ1878 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ጥፋተኛው የናይትሮጅን አረፋ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴንና ባልደረቦቻቸው በፍየሎች ላይ ፈትነው፣ ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ የሚያዝዝ የጊዜ ሰንጠረዥ በ1908 ዓ.ም. አወጡ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት ተረት ለጠላቂ የሕይወት ሕግ ሆነለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ ከባሕር ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው የሚመስለውን ሌላ በሽታ እንመልከት። በ1868 ዓ.ም. በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ዣን ማርቲን ሻርኮ፣ ዛሬ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለውን በሽታ በሚገባ ለይተው ገለጡ። የነርቭ ጭረቶቻችን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በጎማ እንደሚለበስ፣ ማየሊን በሚባል ልባስ ተሸፍነዋል። በዚህ በሽታ ልባሱ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ በየቦታው ይፈርስና ጠባሳ ይተካዋል። በሽተኛው ዐይኑ ይደበዝዛል፤ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፤ አካሄዱ ይሰናከላል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ20 እና በ40 ዓመት ዕድሜ መካከል ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ስለዚህ ልጆች በሚያሳድጉበትና ቤት በሚያቆሙበት ዘመን የሚመጣ የቤተሰብ ፈተና ነው።

እነዚህን ሁለት በሽታዎች በአንድነት የተመለከቱት በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና የጠላቂዎችን ሕክምና ያጠኑት ዶክተር ፊሊፕ ጄምስ ናቸው። በሁለቱም በሽታዎች ኅብለ ሰረሰር ይጎዳል። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚታየው ቁስል ደግሞ በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። ዶክተሩ ይህን አመዛዝነው፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች፣ አረፋ ጠላቂውን እንደሚጎዳው፣ የነርቭን አካባቢ ይጎዱ ይሆናል የሚል ሐሳብ በ1982 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አቀረቡ። የታመመ ጠላቂ የሚታከመው በግፊት ክፍል ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን በመተንፈስ ስለ ሆነ፣ ያው ሕክምና ለነዚህም በሽተኞች ሊረዳ ይችላል የሚል ተስፋ ተነሣ።

ተስፋውንም የሚያጠናክር ወሬ ወዲያው መጣ። በ1983 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተደረገ ፈተና ውጤት ታተመ። ኦክስጅኑን በግፊት ከተቀበሉት 17 በሽተኞች 12ቱ መሻሻል ሲያሳዩ፣ ለማነጻጸሪያ ከተያዙት 20 ሰዎች የተሻለው 1 ብቻ ነበር። ይህን የሰሙ በሽተኞችና ዘመዶቻቸው በብሪታንያ በየከተማው ገንዘብ እያዋጡ የግፊት ክፍሎችን አቋቋሙ። ለሕመማቸው ፈውስ ያልተገኘላቸው ሰዎች እንዲህ ማድረጋቸው የሚያስነቅፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሳይንስ በአንድ ምስክር ብቻ አይፈርድም። በ1985 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ በ120 በሽተኞች ላይ የተደረገው ፈተና የመጀመሪያውን ውጤት አላጸናም። በ2004 ዓ.ም. ሊቃውንት በጠቅላላው 504 ሰዎች የተሳተፉባቸውን ዘጠኝ ፈተናዎች አንድ ላይ መርምረው፣ ሕክምናው በየጊዜው እንዲሰጥ የሚያበቃ በቂ ማስረጃ አለመገኘቱን ገለጡ። ከዚህም ሌላ ሕክምናው ያለ ጉዳት አይደለም። ጆሮን ሊያሳምም፣ የዐይንን አስተያየት ለጊዜው ሊለውጥ፣ አልፎ አልፎም የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሁለት በሽታዎች አንድ ቦታ ስለ መቱ ምክንያታቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም። አንዱን ቤት እሳት፣ ሌላውን ጎርፍ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ፍርስራሹን ብቻ ያየ ሰው ግን ምክንያቱን ሊሳሳት ይችላል። የጠላቂው በሽታ የግፊት ለውጥ ያመጣው ጉዳት ነው። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ግን አካልን ሊጠብቅ የተሰለፈው የመከላከያ ኃይል የራሱን የነርቭ ልባስ ያጠቃል። በ2022 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮች መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት ታትሞ፣ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ መያዝ የበሽታውን ዕድል 32 ጊዜ ያህል እንደሚያበዛ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ቫይረስ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የተያዘ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

የዶክተር ጄምስ ጥያቄ ግን ከንቱ ነበር አይባልም። በግልጽ የቀረበ ሐሳብ ሊፈተን ይችላል፤ የተፈተነም ሐሳብ ባይጸና እንኳ ለሚቀጥለው ተመራማሪ መንገድ ያጠራል። የሚጎዳው ፈተናው ሳይጠናቀቅ ተስፋን እንደ ፈውስ አድርጎ ማከፋፈል ነው።

ዛሬ መልቲፕል ስክሌሮሲስን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይገኝም፣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የበሽታውን መመላለስ የሚቀንሱ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ውለዋል። በሽታው በምድር ወገብ አጠገብ ባሉት አገሮች ከሰሜን አውሮፓ ያነሰ ቢሆንም፣ በእኛም ዘንድ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ዐይኑ ድንገት የደበዘዘበት፣ ወይም እግሩ ለቀናት የደነዘዘበት ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም ይሂድ። በቀይ ባሕር ጠልቆ የወጣና የመደንዘዝ ወይም የድካም ስሜት ያደረበት ሰው ደግሞ፣ መጥለቁን ለሐኪሙ ሳይሸሽግ በዚያው ሰዓት ይናገር፤ ለእርሱ የግፊቱ ክፍል እርግጠኛ ሕክምና ነውና። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።