መገልበጥ፣ መቅዳት፣ ማዛወር፤ ፎቶግራፍን ከካሜራ ወደ ኮምፒዩተር ስለ ማስተላለፍ የሚነገሩ ግሦች

ስለ ሙያ ቃላት ውይይት በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያከራክረው ባዕዱ ቃል እንዳለ ይግባ ወይስ በሀገርኛ ቃል ይተካ የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ የራሳችን ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቀዋል፤ ሆኖም ሁለቱ በአእምሯቸው የሚስሉት ድርጊት አንድ አይደለም። ይህም ቃል «መገልበጥ» የሚለው ግሥ ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን በራሳችን ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሽመና ሙያ ቃላትን ለመሰብሰብ ወደ ሰሜን ሸዋ ሄደን፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ሸማኔ የዕቃቸውን ስም አንድ በአንድ ነገሩን። ድር፣ ማግ፣ መወርወሪያና ቀሰም ማንም የሚያውቃቸው ናቸው፤ ከእነዚህ ሌላ ግን በጽሑፍ አይተናቸው የማናውቃቸው ስሞች ነበሩ። ስሙን በደብተር፣ ዕቃውን በካሜራ እየመዘገብን፣ ፎቶግራፉ ስላለ ብለን ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የፎቶግራፉን ቁጥር ብቻ ጻፍን። ማታ ረዳታችንን «ካርዱን ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጠው» አልነው። እኛ ማለታችን ግልባጩ በኮምፒዩተሩ ይቀመጥ፣ ዋናው በካርዱ ላይ ይቆይ ነበር። እርሱ የተረዳው ግን ካርዱ ለማግሥቱ ሥራ ባዶ ይሁን እንዳልነው ነው፤ እንደዚያው አደረገ። በማግሥቱ በዚያው ካርድ ሌላ ፎቶግራፍ ስናነሣ ዋልን። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ተበላሸ። እንደገና ወደ ሸማኔው ስንሄድ ዐርፈው ደረስን። ዛሬ በደብተራችን ውስጥ ከአንዳንድ ስሞች ጎን «ፎቶ 0047»፣ «ፎቶ 0052» የሚል ይነበባል፤ ስሞቹ የየትኛው ዕቃ ስሞች እንደሆኑ ግን የሚነግረን የለም። ረዳታችን አልተሳሳተም፤ ያዘዝነውን ቃል ከሁለቱ ፍቺዎቹ በአንደኛው ተረድቶታል። ስሕተቱ የእኛ፣ የአዛዦቹ ነበር።

የቃሉ ሁለት ፍቺዎች

«ገለበጠ» በመሠረቱ ላይኛውን ታች፣ ታችኛውን ላይ አደረገ ማለት ነው። ከዚህ ፍቺ ሁለት ቅርንጫፎች ወጥተዋል። አንደኛው ከጽሕፈት ሥራ ጋር የተያያዘው ነው። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚል ርእስ ይገኛል፤ ዋናው ለተጻፈለት ክፍል ይሄዳል፣ አምሳያው ደግሞ ለሌሎች ይደርሳል። በዚህ ፍቺ መገልበጥ አንዱን ሁለት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከዕቃና ከጭነት ጋር የተያያዘ ነው። እህሉን ከጆንያው ወደ ጎተራው የገለበጠ ሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ይመለሳል። አሸዋ የሚያመላልሰውን መኪና «ገልባጭ» ያሰኘውም ይኸው ነው፤ ጭነቱን ከአፈሰሰ በኋላ በላዩ ላይ የሚቀር ነገር የለም። በዚህ ፍቺ መገልበጥ ማራገፍ ነው። እንግዲህ ግልባጭና ገልባጭ የአንድ ግሥ ልጆች ሲሆኑ፣ አንዱ ዋናውን ያስቀራል፣ ሌላው ያስለቅቃል።

ፎቶግራፍ በፊልም ይነሣ በነበረበት ዘመን ይህ መንታነት የሚያደርሰው ጉዳት አልነበረም። ፊልሙ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግል ስለ ነበር ከታጠበ በኋላ ነጋቲቩ በፎቶ ቤቱ ወይም በባለቤቱ እጅ ይቀራል፤ የወረቀቱ ፎቶግራፍ ቢጠፋም ከነጋቲቩ ሌላ ይታተማል። የዲጂታል ካሜራ ካርድ ግን እየተለቀቀ ደጋግሞ የሚሞላ ዕቃ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከመሞላቱ በፊት «ዋናው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ የግድ መልስ ያስፈልገዋል። ቋንቋው ግን ገና አልተከተለም፤ ውኃ ያልነካውን ፎቶግራፍ ዛሬም «አሳጠብሁት» እንላለን። ይህኛው አባባል ማንንም አይጎዳምና ይቆይ፤ መገልበጥ ግን ሊታረም ይገባዋል።

መሣሪያው የሚፈጽመው ድርጊት

ተስማሚውን ቃል ለመምረጥ አስቀድሞ ድርጊቱን መመርመር ያሻል። ስቲቨን ሳሶን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። የዛሬው ካሜራ ምስሉን ወዲያው ወደ ቁጥሮች ለውጦ በካርድ ላይ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ምስል አንድ ፋይል ሲሆን፣ ፋይሎቹ ዲሲአይኤም በሚባል አቃፊ ውስጥ በተራ ቁጥር ይቀመጣሉ። ቁጥሩ ባለ አራት አኀዝ ስለሆነ ከ9999 በኋላ ተመልሶ 0001 ይላል። በዚህም ምክንያት ሁለት የተለያዩ ምስሎች በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ።

በካርዱ ላይ ከምስሎቹ ሌላ የእነርሱ መዝገብ አለ። መዝገቡ የእያንዳንዱን ፋይል ስምና ያለበትን ስፍራ ያመለክታል። አንድን ፎቶግራፍ ስናጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚነካው መዝገቡ ብቻ ነው፤ ስፍራው ነጻ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ምስሉ ራሱ ወዲያው አይፋቅም። ሌላ ምስል በላዩ በተጻፈበት ጊዜ ግን ጨርሶ ይጠፋል። እኛም በሰሜን ሸዋ ያጣነውን ምስል በእርግጥ ያጠፋነው ረዳታችን ካርዱን ባስለቀቀበት ማታ ሳይሆን፣ በማግሥቱ እኛው ራሳችን በላዩ ፎቶግራፍ ባነሣንበት ሰዓት ነበር።

ምስልን ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር በማዘዋወር ጊዜም መሣሪያው የሚያከናውነው ሁለት ሥራ ነው፤ በመጀመሪያ አምሳያውን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ዋናውን ከካርዱ መዝገብ ያወጣል። የእጃችን እንቅስቃሴም ልዩነቱን አይገልጽልንም። በዊንዶውስ አንድን ፋይል በማውስ ጎትተን ስንጥለው፣ መድረሻው በዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ፋይሉ ቦታውን ይለቃል፤ ወደ ሌላ ዲስክ ከሆነ ግን ዋናው ባለበት ሆኖ አምሳያው ይጻፋል። እጅ የማይለየውን ስም ካልለየው ሌላ የሚለየው የለም።

የቃላት ምርጫ

ከዚህ በመነሣት ለእያንዳንዱ ግሥ አንድ መመዘኛ አቀረብን፤ ይኸውም «ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ዋናው የት ይገኛል?» የሚል ነው። «መጫን»፣ «ማስገባት» እና «ማውረድ» በየሰፈሩ ቢነገሩም የጉዞውን አቅጣጫ እንጂ የዋናውን ዕጣ አያመለክቱም። «መገልበጥ» ደግሞ ከላይ እንደታየው ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰጣል። ስለሆነም የሚከተሉትን ቃላት መርጠናል።

ሀ. መቅዳት፦ ዋናውን ባለበት ትቶ አምሳያውን በሌላ ስፍራ መጻፍ። ግእዙ «ቀድሐ» ውኃ መቅዳትን ያመለክታል፤ እንስራ ሞልታ የተመለሰች ሴት ምንጩን ይዛው አትመጣም። በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ «ቅዳ» የሚለው ትእዛዝ ስለ ተለመደም አዲስ ትምህርት አይፈልግም። ስሙ «ቅጂ» ነው። ምሳሌ፦ ፎቶግራፎቹን ከካርዱ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀዳቸው።

ለ. ማዛወር፦ በአዲሱ ስፍራ ጽፎ ከቀድሞው ማስለቀቅ። የተዛወረ ሠራተኛ የቀድሞ ወንበሩን እንደሚለቅ ማንም ሰው ያውቃል። ምሳሌ፦ ፎቶግራፎቹ ተዛውረዋልና በካርዱ ላይ አይገኙም።

ሐ. ማስተላለፍ፦ ምስልን በሽቦ፣ በካርድ ማንበቢያ ወይም ያለ ሽቦ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ማድረስ። ይህ የወል ስም ነው፤ ለርእስ ያገለግላል እንጂ ለትእዛዝ አይበቃም። ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ወይ «ቅዳ» ወይ «አዛውር» ማለት ይኖርበታል።

መ. መሰረዝ፦ የፋይሉን ስም ከመዝገብ ማውጣት። በመዝገብ ላይ በስም ላይ መሥመር መሳብ ሰውየውን እንደማያጠፋው ሁሉ፣ የተሰረዘ ምስልም ለጊዜው ባለበት ሊቆይ ይችላል።

ሠ. መደምሰስ፦ በቀድሞው ላይ ሌላ ጽፎ እንዳይመለስ ማድረግ። መሰረዝና መደምሰስ ሲለያዩ የጠፋበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከስሙ ይረዳል፤ የተሰረዘበት ሰው ካርዱን ሳይጠቀምበት ወደ ባለሙያ ቢወስደው ተስፋ አለው፣ የተደመሰሰበት ግን የለውም።

«መቅዳት» ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ እንዳለ አንሸሽግም። ድምፅንና ተንቀሳቃሽ ምስልን መመዝገብም መቅዳት ይባላል፤ ስለዚህ «ሠርጉን ቀዳው» ሲባል ቀረጸው ወይስ ቅጂውን ወሰደ ያሰኛል። ይሁን እንጂ «ከዚህ ወደዚያ» የሚለው ሲጨመር ፍቺው ይለያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለቱም ፍቺ ቢወሰድ ዋናው አይጠፋም። የሙያ ቃል ፍጹም ነጠላ ፍቺ ባይኖረው እንኳ አሻሚነቱ ጉዳት የማያመጣ መሆን አለበት።

የቃላቱ አጠቃቀም በሥራ ላይ

ቃላቱ ለመመሪያ መብቃታቸውን ለማሳየት ሥራውን እነሆ በእነርሱ እንገልጻለን። ካሜራው ከጠፋ በኋላ ካርዱን አውጥቶ በካርድ ማንበቢያ መሰካት፣ ወይም ካሜራውን በዩኤስቢ ሽቦ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማገናኘት። በመደበኛው ኤስዲ ካርድ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ መቆለፍ፤ ካርዱ ተቆልፎ በማንበቢያ ሲነበብ መቅዳት ይቻላል፣ ማዛወርና መሰረዝ ግን አይቻልም። ዲሲአይኤም የሚለውን አቃፊ ከፍቶ ፎቶግራፎቹን ቀንና ስፍራ ወደ ተጻፈበት አዲስ አቃፊ መቅዳት። ለየቀኑ የተለየ አቃፊ የሚያስፈልገው ስማቸው አንድ የሆነ ፋይሎች እንዳይጋጩ ነው፤ ኮምፒዩተሩ «ልተካው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ቸኩሎ አዎን ያለ ሰው አንደኛውን ምስል ያጣል። ቀጥሎ የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን ከካርዱ ጋር ማመሳከር፣ ጥቂቶቹንም ከፍቶ ማየት። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ። ካርዱን ወይም ሽቦውን ከመንቀል በፊት ኮምፒዩተሩ እንዲለቀው ማዘዝ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ መቆለፊያውን ከፍቶ በካሜራው ላይ ካርዱን ለአዲስ ሥራ ማዘጋጀት።

በዚህ መመሪያ ውስጥ «ገልብጥ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላስፈለገንም። ይህን ስንል ቃሉ ከቋንቋው ይውጣ ማለታችን አይደለም፤ ደብዳቤውም እህሉም እንደ ቀድሞው ይገለበጣሉ። የምንለው ሁለት ሰዎች በአንድ ካርድ ላይ በሚሠሩበት ቦታ ቃሉ ትእዛዝ አይሁን ነው። በየፎቶ ቤቱና በየቤተ መዛግብቱ በዚህ ሥራ የተሰማሩ አንባብያን እዚህ ያልጠቀስናቸውን በአካባቢያቸው የሚነገሩ ግሦች ከነምሳሌያቸው ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው ዝርዝር እናስገባቸዋለን። ከሸማኔው የሰበሰብናቸውን ቃላት በተመለከተም፣ የዕቃቸው ማንነት እስኪታወቅ ድረስ ያለ ፍቺ በመዝገባችን ይቆያሉ፤ ከሙያው ባለቤቶች መካከል የሚያውቃቸው ቢገኝ ደብተሩን ይዘን ለመሄድ ዝግጁዎች ነን።